ካሜራውን ከነሳጥኑ

ቦንጋ፣ መጋቢት 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለልዑልቃል፣

«ውዴ» ብዬ ልጀምር ነበር፤ እጄ እምቢ አለ። እንዴት ነህ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ባትጠይቅም ነግሬሃለሁ። ስልኬን ስለማታነሳ ነው ወረቀት ያነሳሁት።

ሹፌሩ ሙሌ መልእክትህን አድርሶኛል። «ካሜራውን ከነሳጥኑ ስጪው፤ የኔ ነው» ብለሃል። በቃ? ሚስትህ ነኝ እኮ! ዓመት ሙሉ አዳማ ተቀምጠህ፣ ዓይንህን በጨው አጥበህ የምትልከው ቃል ይቺ ናት? ሙሌ ራሱ አፍሮ መሬት መሬቱን ነበር የሚያየው።

ለመሆኑ የትኛውን ሳጥን ነው «የኔ» ያልከው? ያንተንማ አልረሳሁትም። ካሜራው ኮከብ ላይ ብዙ ሲያፈጥ ይግላል፣ ሲግል ፎቶው ላይ ኮከብ ያልሆነ ነጠብጣብ ይዘራል ብለህ፣ ከተበላሸ የውሃ ማቀዝቀዣ ዕቃ ፈትተህ የፎም ሳጥን ላይ ገጠምክ። ማቀዝቀዙንስ አቀዘቀዘ። ግን በየስንጥቁ የቦንጋ እርጥበት እየገባ ካሜራው ላብ በላብ ሆነ። «አየር እንዳያስገባ እንድፈነው» ስልህ ምን አልከኝ? «አንቺ ስለ ፊዚክስ ምን ታውቂያለሽ? ቦንጋ ደግሞ ሰማይ የላትም!» ብለህ፣ ካሜራውንም ትተህ ሻንጣህን አነሳህ። እኔ እኮ ካንተው ጋር አንድ ትምህርት ቤት ያንኑ ፊዚክስ ነው የማስተምረው! እስከ ዛሬ ሳስበው ቆሽቴ ያራል።

በንዴት አዲስ ሳጥን ሠራሁ። ሲሊኮን ባጣ ጊዜ ማንኪራ ቀበሌ ድረስ ሄጄ ካባትህ ቤት ሰም አምጥቼ ስንጥቁን ሁሉ ደፈንኩት። ታኅሣሥ ላይ ሰማዩ ሲጠራ፣ ጠብታ እርጥበት ሳይገባበት፣ ኦሪዮን የከዋክብት ስብስብ ውስጥ ያለውን ቀይ ደመና ቁልጭ አድርጌ አነሳሁ። እሰይ! ፎቶው ግድግዳዬ ላይ ነው። ላንተ አልልክም።

አሁን የምነግርህን ስትሰማ እንደምትስቅ አውቃለሁ፤ ሳቅ። ሰሙን አላጣራሁትም ነበርና ማር ማር ይሸታል። ባለፈው ሳምንት ዝናብ ነካው። ሌንሱን ፈትቼ፣ ካሜራውን ውስጡ እንዳለ፣ እንዲደርቅ ብዬ ጓሮ ዛፍ ላይ ሰቅዬው ሥራ ሄድኩ። ስመለስ በሌንሱ ቀዳዳ የንብ መንጋ ገብቶበታል! በኛ አገር ሰም የተቀባ ሳጥን ዛፍ ላይ መስቀል ምን ማለት እንደሆነ ሕፃን ልጅ ያውቃል። እኔ ጉደኛዋ ረሳሁት።

አባትህን አስጠራሁ። ጋሽ ወልደሥላሴ ዛፉ ሥር ቆመው እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። «ልጄ፣ ግሩም ቀፎ ነው የሠራሽው!» አሉኝ። ላባርር ስል ግን ተቆጡ። ፈቅዶ የመጣ ንብ አይባረርም፣ ቀፎም የሰቀለው ሰው ንብረት ነው አሉ። ሰማህ? የሰቀለው! ይህን ያሉት የገዛ አባትህ ናቸው።

እና ለሙሌ የምሰጠው ካሜራ የለኝም። ካሜራህ ንብ መሀል ተቀምጧል፤ ሰም እየሠሩበት ነው። ከፈለግክ አንተው መጥተህ አውጣው። ንቡ ቢምርህ እኔ አልምርህም።

የአዳማ ንፋስ ደረትህን እንዳይመታህ ሹራብህን ደርብ። እመቤቴ ከክፉ ሁሉ ትሰውርህ፤ ልብም ትስጥህ።

እስካሁን ሚስትህ የሆነችው፣
በዛወርቅ

ይህንንም ልጨምር፦ አባትህ ትናንት ተመልሰው መጥተው ነበር። «አመሻሽ ላይ በጭስ አረጋግቼ ንቦቹን ወደ ሌላ ቀፎ ላዛውራቸው፤ ካሜራውንም ነገ ለሙሌ ትሰጪዋለሽ» አሉኝ። እንዳይነኩብኝ ለመንኳቸው። ለምን ብለው አልጠየቁኝም።