ድርሻና ቅጥር

ይድረስ ለምወድሽና ለማከብርሽ እኅቴ ለእትዬ ዘይነት፤ አሰብ።

አሰላሙ ዐለይኪ ወራሕመቱላሂ ወበረካትሁ። ለመሆኑ እንዴት ከርመሻል? ጤናሽስ? የአሰብ ሙቀት እንዴት አድርጎሻል? ባለቤትሽ ሙሔስ፣ የወደቡ ሥራ ቀለል አለለት ወይስ እንደበረታበት ነው? መዲናስ አደገች? ትንሹስ ቆሞ መሄድ ጀመረ? ባለፈው ደብዳቤሽ ውሃ በበርሜል እንደምትገዙ ብትጽፊልኝ ለጎረቤቱ ሁሉ እያነበብሁ አሳቅኋቸው። ጣና ዳር ተወልዳ ውሃ የምትገዛ ሴት አንቺን አየሁ! እኔም ባለቤቴ መሪየምም ልጃችንም አልሐምዱሊላህ በአካል ደኅና ነን። እናታችንም ይፋግ ደኅና ናት፤ ሰሞኑን ለገበያ ከመጣ ሰው ጋር ሽምብራ ልካልናለች። ከናፍቆትሽ በቀር የጎደለብን የለም። ልቤ ግን ደኅና አይደለም፤ ብዕር ያነሣሁትም እሱን ላዋይሽ ብዬ ነው።

አንቺ አግብተሽ ከሄድሽ ወዲህ ከአጎታችን ከኑርሑሴን ወፍጮ ቤት እንዳልተለየሁ ታውቂያለሽ። ሞተሩን አስነሣለሁ፣ ወፍጮውን የሚያዞረው ቺንጋ ሲበጠስ እለውጣለሁ፣ ከዘጌ እህል በታንኳ ጭነው ለሚመጡት አስፈጪዎች ሚዛን እይዛለሁ። ወር ሲሞላ አጎቴ ደመወዜን ከኪሳቸው አውጥተው ይሰጡኛል፤ ወረቀት የለ፣ ፊርማ የለ። ምሳ የምንበላው ከአንድ ትሪ ነው። ዘንድሮ ታዲያ አላህ በር ከፈተልኝ ብዬ ነበር። ሐይቁ ላይ ለሚመላለሰው የመንግሥት ጀልባ የሞተር ሠራተኛ ፈለጉና ተፈትኜ አለፍሁ። የቀረኝ ከቀበሌ የድጋፍ ወረቀት ማምጣት ብቻ ነበር። ኅዳር ሳይገባ ካላቀረብሁ ግን ቦታው ለሌላ ሰው ይሰጣል።

ቀበሌ ብሄድ አንተ ነጋዴ ነህ፤ ነጋዴን ለመንግሥት ሥራ አንደግፍም አሉኝ። እኔ የሚቀልዱ መስሎኝ ሳቅሁ። ዱቄት ጠግቤ ከማደር በቀር ከንግድ ምን አግኝቼ አውቃለሁ? እነሱ ግን አልሳቁም፤ ካላመንህ ግብር ቤት ሄደህ ጠይቅ አሉኝ።

ግብር ቤት ጓድ የብርጓል የሚባሉ ሴትዮ አገኘሁ። ቆጣ የሚሉ ሰው ናቸው፤ ነገር ማስረዳት ግን ያውቁበታል። አጎቴ በሐምሌ ግብራቸውን ሲያስታውቁ ለእኔ የሚከፍሉኝን በሠራተኛ ደመወዝ ቅጽ አላስሞሉትም። በንግድ ትርፍ ቅጽ ላይ፣ ከእሳቸው ጋር ትርፍ እንደሚካፈል ሰው አድርገው ነው ያስገቡኝ። ስለዚህ በመንግሥት ዓይን እኔ ፈቃድ ሳላወጣ የምነግድ የወፍጮ ባለ ድርሻ ነኝ፤ የትርፍ ግብርም እጠየቃለሁ ማለት ነው። ዕንባዬን ስጠርግ ሴትዮዋ አዩኝና፣ ይህን የሚያርመው የአሠሪህ ቃል እንጂ የአንተ ልቅሶ አይደለም አሉኝ። አሠሪዬ ራሳቸው ቀርበው «ቅጥር ሠራተኛዬ ነው» ብለው መፈረም አለባቸው። የደመወዙ ቅጽ እንደ አዲስ ይሞላል፤ ከደመወዜ ሳይቀነስ የቀረውን ግብርም ከነቅጣቱ እሳቸው ይከፍላሉ። ያኔ ስሜ ከነጋዴ ይወጣል።

አጎታችን አጭበርብረው እንዳይመስልሽ። ነገሩ የመጣው ከፍቅር ነው፤ የሚያናድደኝም እሱ ነው። አባታችን የተቀበረ ዕለት፣ ለቀስተኛው ይህን ሕፃን ማን ያሳድገዋል ሲል፣ አጎቴ እጄን ይዘው «ይህ የኔ ድርሻ ነው» እንዳሉ የነገርሽኝ አንቺ ነሽ። ከዚያ ወዲህ ይህ ልጅ ምንህ ነው ብሎ ለሚጠይቃቸው ሁሉ መልሳቸው ያችው ናት። በሐምሌም ከግብር ቤቱ በር ላይ ተቀምጦ ለማያነብ ሰው ቅጽ የሚሞላው ሰውዬ፣ ወፍጮው ላይ የሚሠራው ማን ነው ሲላቸው፣ ድርሻዬ ነው አሉት። እሱም እንደ ሰማው ባለ ድርሻ ብሎ ጻፈ። ካፍ የወጣ አፋፍ ማለት ይኸው አይደል?

ሄጄ ነገርኋቸው። ሁሉንም ሰሙኝና፣ ቅጣቱን ነገ እከፍላለሁ፤ የእኅቴን ልጅ ግን በመንግሥት ሰው ፊት ቅጥሬ ነው አልልም አሉኝ። እናትህ ይፋግ ሆና ብትሰማ፣ ወንድሜ ልጄን ሎሌ አደረገው ብላ አታዝንብኝም ወይ አሉኝ። ቅጥር ነውር እንዳልሆነ፣ ዛሬ አገሩ ሁሉ ለወር ደመወዝ እንደሚሠራ ነገርኋቸው። አልሰሙኝም። እኔም ቁጣዬን ታውቂው የለ፣ ገነፈልሁ። ባለ ድርሻ ከሆንሁ እንግዲያው የወፍጮውን ግማሽ ይስጡኝ፤ አለዚያም ሠራተኛዬ ነው ይበሉ አልኋቸው። ዘይነት፣ ያልሁት ሐቅ ነው፤ አሁንም ሐቅ ነው እላለሁ። ግን ሰውዬው ፊታቸው ላይ ያየሁትን ማየት አልነበረብኝም። ሞተሩን ራሳቸው አጥፍተው ወጡ።

በማግሥቱ እኔ ሳልጠይቃቸው ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው መጡና ተነሥ እንሂድ አሉኝ። መንገዱን ሁሉ ፊት ፊቴ ሄዱ። ጓድ የብርጓል ይህ ሰው ምንዎ ነው ብለው ጠየቋቸው። አጎቴ ወደ መስኮቱ ዞሩ። ሴትዮዋ ያልተሰማቸው መስሏቸው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ደገሙት። ያን ጊዜ እኔን ሳያዩ፣ መስኮቱን እያዩ፣ «ቅጥሬ ነው» አሉ። ጣታቸውን ቀለም ነክተው ፈረሙ። ስሜ ተስተካከለ፣ ቀበሌም ወረቀቱን ጻፈልኝ። የፈለግሁትን ሁሉ አገኘሁ፤ ይኸውልሽ ደስታው ግን አብሮ አልመጣም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አጎቴ እንደ አሠሪ ሆነዋል። ልጄ የምትለዋን ቃል ነፈጉኝ፤ በሙሉ ስሜ ሙሀመድሰዒድ ይሉኛል። ምሳ በየፊናችን ሆነ። የዚህን ወር ደመወዝ ሲሰጡኝ ወረቀት አስጽፈው አምጥተው ፈርም አሉኝ። ትናንት እንደ ምንም ደፍሬ፣ ጀልባው ላይ ሥራ አግኝቻለሁ፣ መርቀው ይሸኙኝ አልኋቸው። ሚዛኑን እየጠረጉ፣ ቅጥር ሲለቅ ቀድሞ ያስታውቃል፤ አስታውቀሃል፣ ሂድ አሉኝ። ምርቃት የሚባል ነገር አልወጣቸውም። አባት እንደ ሌለኝ የገባኝ ትናንት ነው።

አሁን የቀበሌው ወረቀት ኪሴ ውስጥ ነው። መሪየም አስገባ ትለኛለች፤ እውነቷን ነው፣ ልጅ አለን። እኔ ግን ሳልመረቅ ከዚያ ቤት ወጥቼ ውሃ ላይ ልሠራ ልቤ ይፈራል። ሽማግሌ እንዳልልክ በሁለታችን መካከል ጠብ የለም፤ ያለችው አንዲት ቃል ብቻ ናት። ስለዚህ አንቺ ጻፊላቸው። ያንቺን ደብዳቤ ከኔ ሌላ ሰው ጠርተው ያስነብባሉ፤ ግድ የለም። ስለ ቅጽና ስለ ግብር ምንም አታንሺ። የቀብሩን ቀን ብቻ አስታውሻቸውና፣ ያ ልጅ ዛሬም ድርሻዎ ነው በያቸው። ለእናታችን ግን አደራሽን፣ እንዳትሰማ።

ሙሔን እጅ ነሥቻለሁ በይልኝ። ጎረቤትሽ እማማ መርየምን፣ ያችን በግመል ወተት ያስታመመችሽን ሴትዮ፣ ሰላም በይልኝ። የኔዋ መሪየም በጣም ናፍቃሻለች፤ ከሰው ካገኘች ቅቤ ትልክልሻለች። አጎታችን እኔ ደብዳቤ ስጽፍ ባዩ ቁጥር፣ ዘይነትን ስለኔ ልጆችሽን ሳሚ በልልኝ ይሉኝ ነበር። ዛሬ በአጠገቤ አለፉ፤ ምንም አላሉኝም። አንቺ ግን መዲናንና ትንሹን፣ አጎት ኑርሑሴን የላኩላችሁ ነው ብለሽ ሳሚልኝ።

ወንድምሽ ሙሀመድሰዒድ
ባሕር ዳር፣ ጥቅምት ፲፰ ቀን ፲፱፻፸፮ ዓ.ም.