ከግድግዳ ወረቀቴ ሥር ላለችው ልጅ ላለቀሱት

ብራድዌል ፎልስ፣ ኦሃዮ
ረቡዕ፣ ኦክቶበር 9

እውነቱን ለመናገር፣ ለትልቅ ሰው ደብዳቤ ጽፌ አላውቅም፤ ይህንንም ልጀምር ስል ደጋግሜ እየተነሳሁ ውሃ ጠጥቻለሁ። ሰው ፊት አፌ እምቢ ስለሚለኝ ነው በእጄ የምሞክረው።

ለተከበሩ ዶክተር ኮንስታንስ ሃርግሮቭ፣
በታሪካዊ ቤቶች ጥበቃ አማካሪ ድርጅት ከፍተኛ የኪነ ሕንጻ ታሪክ ባለሙያ፤
ባሉበት።

እንደምን ሰንብተዋል? ጤናዎ እንዴት ነው? በልብስ ጓዳዬ ውስጥ ተንበርክከው የቆዩበት ጊዜ ቀላል ስላልነበረ፣ በተለይ ጉልበትዎ እንደተሻለው ተስፋ አደርጋለሁ። እኛ ደህና ነን። እናቴ ደህና ናት፣ አጎቴ ቬርኖን ደህና ነው፣ ጌርትሩድም ደህና ናት። ስለ ጌርትሩድ በኋላ እመለስበታለሁ።

ይህ ደብዳቤ በቤተ መጻሕፍቱ የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ስለሚለጠፍ፣ ለሚያነቡት ሁሉ ራሴን ላስተዋውቅ። ስሜ ዊላ ስታውፈር ነው፤ አሥራ ስድስት ዓመቴ ነው፤ የምኖረው ከድልድዩ አጠገብ ባለው ቢጫ የእንጨት ቤት ነው። ክፍሌን ሁላችሁም ስለምታውቁት እሱን አላስተዋውቅም።

ክቡርነትዎ እንደሚያስታውሱት፣ ማዘጋጃ ቤቱ ድልድዩን ሊያሰፋ ሲነሳ፣ በመንገዱ ዳር ያሉት አሮጌ ቤቶች አስቀድመው ይጠኑ ተብሎ በሜይ ወር ወደ ቤታችን መጡ። እኔ አልጋዬ ላይ ተቀምጬ ነበር። እርስዎ ቀሚሶቼን ከጓዳው አውጥተው ጭኔ ላይ ከከመሩልኝ በኋላ፣ ግንባርዎ ላይ መብራት አስረው ገቡ፤ በትንሽ ቢላዋም የግድግዳውን ወረቀት ጥግ አነሱ። ቀጥሎ የሰማሁት «ብሬንት! ካሜራውን ይዘህ ቶሎ ና!» የሚል ጩኸት ነው።

ከወረቀቱ ሥር በአናጢ እርሳስ እንዲህ ተጽፎ ነበር፦ «ጌርትሩድ ዛሬም ነከሰችኝ። ይቅር ብያታለሁ። ከእሷ በቀር የማወራው የለኝም። እዚህ ማንም አያገኘኝም።»

ራሰ በራው ባልደረባዎ አቶ ብሬንት ጎንበስ ብለው አዩና፣ «ዶክተር፣ ትንሽ አዲስ አይመስልም?» አሉ።

«ምኑ ነው አዲስ! ወረቀቱ የ1911 ነው፣ ጽሑፉ ደግሞ ከወረቀቱ ሥር ነው። ከሥር ያለ ከላይ ካለው ይቀድማል፤ ይሄ እኮ የሙያችን ሀሁ ነው፣ ብሬንት!»

«ሙጫውስ?»

ሙጫውን በጣትዎ ነክተው በምላስዎ ቀመሱት። «የስንዴ ዱቄት! በዚያ ዘመን ልክ እንዲህ ነበር የሚለጥፉት!»

ክቡርነትዎ፣ ዱቄቱ እናቴ ለፓንኬክ የገዛችው ነበር። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለሁ የወረቀቱን ጥግ ቀስ ብዬ ላጥኩ፤ በአጎቴ በቬርኖን እርሳስ የልቤን ጻፍኩ፤ ማንም እንዳያየው ዱቄት በውሃ በጥብጬ መልሼ ለጠፍኩት። ከሥር ያለ ሁሉ ከላይ ካለው ይቀድማል የሚለው ትምህርትዎ ግን ጠቅሞኛል፤ ከአልጋዬ ሥር ያሉት ካልሲዎቼ ከአልጋው በዕድሜ እንደሚበልጡ አሁን ገባኝ፤ ሳነሳቸውም እጠነቀቃለሁ።

ያን ጊዜ ለምን አልተናገርሽም ይሉኝ ይሆናል። ልናገር ነበር። እርስዎ መነጽርዎን አውልቀው፣ «አይ አንቺ ምስኪን! ማን አየሽ? ማን ሰማሽ?» እያሉ አለቀሱ። ለእኔ የተናገሩ መሰለኝ። ሰው አልቅሶልኝ ስለማያውቅ ደረቴ ሞቀ፤ «ግድ የለም፣ አሁን ደህና ነኝ» ልልዎ አፌን ከፈትኩ። እርስዎ ግን ዞር ብለው፣ «የኔ ቆንጆ፣ እስቲ ትንሽ ፈቀቅ በይልን፤ ብርሃን ጋረድሽን» አሉኝ።

ፈቀቅ አልኩ። ከዚያ፣ «ይህን ግድግዳ የነካው ሰው አለ?» ብለው ሲጠይቁ፣ እናቴ ከደረጃው ላይ፣ «ኧረ ማንም አልነካው! ቤቱን ስንገዛም እንዲሁ ነበር» አለች። ከእኔ አፍ የወጣው «እ…» ብቻ ነበር። በሪፖርትዎ ላይ «ነዋሪዎቹ በሙሉ አረጋግጠዋል» ተብሎ ሳነብ፣ «እ…» የሚለው ቃሌ ይህን ያህል ክብደት እንዳለው በማወቄ ኮራሁ።

ቅሬታዎቼን በትሕትና በቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ክፍሌ። እርስዎ «የብቸኛዋ ልጅ ክፍል» ካሉት ወዲህ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ጎብኚ ይገባበታል። በአልጋዬና በበሩ መካከል ቀይ ገመድ ተወጥሯል። ጓዳው እርጥበት እንዳያገኘው በመባሉ ልብሶቼ መታጠቢያ ቤት ውስጥ በቅርጫት ይኖራሉ፤ እርጥበቱ እነሱን ቢያገኛቸው ግን ታሪክ አይጎዳም። ባለፈው ወር ጎብኚዎቹ ከሰዓታቸው ቀድመው ሲደርሱ፣ አልጋዬ ላይ ሆኜ ቀሚስ እየሰፋሁ አገኙኝ። ደንግጬ ቀጥ አልኩ።

«ውይ፣ ከሰም የተሠራች ናት?» አለች አንዲት ሴትዮ።

«እንዴት አድርገው ሠሯት በናትሽ! ጥፍሯን እዪው!»

«ጸጉሯ ላይ ግን አልተጨነቁም።»

አንድ ልጅ «ዓይኗ ተርገበገበ!» ብሎ ሲጮህ፣ እናቱ «ዝም በል፣ በባትሪ ነው የምትሠራው» አለችው። እስኪወጡ ድረስ ትንፋሼን ያዝኩ። ክቡርነትዎ ብቸኝነት ምን እንደሆነ በሰፊው የጻፉ ሰው ስለሆኑ አንድ ነገር ልጠይቅዎ፦ ብቸኛዋ ልጅ ብቻዋን የምትሆንበት ቦታ ወዴት ነው?

ሁለተኛ፣ የእጅ ጽሑፌን «ትምህርት ያልዘለቃት፣ ምናልባትም በልጅነቷ የታመመች» ሴት የጻፈችው ነው ብለውታል። ታምሜ አላውቅም። ከጽሑፉ ሥር ያለችውን ሥዕል ደግሞ «የመሸሽ ምኞቷን የምትገልጽ ጀልባ» ብለዋታል። ሁለት እግርና አንድ ዓይን ያላት ጀልባ የትኛው ወንዝ ላይ እንዳዩ ቢነግሩኝ ደስ ይለኛል። ክቡርነትዎ፣ እሷ ጌርትሩድ ናት። ጌርትሩድ ዳክዬ ናት።

ሦስተኛውን ስጽፍ ቀልዱ ይጠፋኛል። ጌርትሩድ የሚለውን ስም ያወጣሁላት ከቤታችን ጀርባ ካለ የመቃብር ድንጋይ ላይ አንብቤ ነው፤ ስሙ ደስ ስላለኝ ብቻ። እርስዎ ግን በከተማው መዝገብ ፈልገው፣ ጌርትሩድ ታተርሶል የምትባል ሴት በ1890ዎቹ የዚህ ቤት እመቤት እንደነበረች አገኙ፤ ጽሑፉን በዚያው ዘመን የሞተች አገልጋይዋ ጽፋዋለች፣ እሷም አገልጋዮቿን የምትነክስ እመቤት ናት ብለው ሙሉ ምዕራፍ ጻፉላት። የልጅ ልጇ ልጅ ወይዘሮ ሎይስ ታተርሶል ዛሬም ከእኛ ሁለት ቤት አልፎ ትኖራለች። በመንገድ ስታገኘኝ እንድናገር አታስጨንቀኝም፤ እጇን ብቻ አውለብልባልኝ ታልፋለች። ከዚህ ከተማ ሰው ሁሉ አብልጬ የምወዳት በዚህ ነው።

ባለፈው እሑድ በቤተ ክርስቲያኑ እራት ላይ የኮክ ፓይ ይዛ መጣች። ከተሰለፉት አንዱ፣ «ሎይስ፣ ይሄን ስትጋግሪ ማንን ነክሰሽ ነው?» አላት። ሌላው፣ «እኔ እንኳን አልጠጋም፣ በዘር ነው የሚወርደው!» አለ። ሁሉም ሳቀ። እሷም አብራ ሳቀች። ቆይቶ በመስኮት ሳይ፣ አንድ ቁራሽ እንኳ ያልተነሳለትን ፓይ ወደ መኪናዋ መልሳ ስትወስድ አየኋት።

አራተኛውን እናቴ እንዳልጽፍ ከልክላኛለች።

አጎቴ ቬርኖን እርሳሱ የእሱ ስለሆነ ሁሉንም ያውቃል፤ ግን አይረዳኝም። በየቀኑ ቁርስ ላይ፣ «ዊላዬ፣ አንቺ የሞትሽው በስንት ዓመተ ምሕረት ነበር?» ይለኛል። ንገርልኝ ብዬ ስለምነው፣ «እኔ ምን ቤት ነኝ? ያንቺን ጉድ አንቺው ተናገሪ። ደግሞ እንዲህ ስቄ አላውቅም፣ አትቸኩይብኝ» አለኝ።

መቸኮል ግን አለብኝ። ነገ ምሽት የከተማው ምክር ቤት ድምፅ ይሰጣል። ሐሳብዎ ከጸደቀ ክፍሌ ለዘለዓለም ሙዚየም ይሆናል፤ የጌርትሩድ ታተርሶል ጭካኔ በነሐስ ተቀርጾ በሩ ላይ ይሰቀላል፤ እኔ ደግሞ ምድር ቤት ከልብስ ማጠቢያ ማሽኑ ጎን እተኛለሁ። ዝም ብል ማንም «ያቺ የምታወራው ያጣች ልጅ አንቺ ነሽ?» አይለኝም። ብናገር ከተማው በሙሉ ይለኛል። በዚህ ሐሳብ ስሰቃይ ከረምኩ፤ ያ ያልተነካ ፓይ ግን እንቅልፍ ነሳኝ።

ስለዚህ ነገ ምሽት ወደ አዳራሹ እመጣለሁ። ሰብሳቢው «ከሕዝቡ አስተያየት ያለው?» ሲሉ እነሳለሁ። ጌርትሩድን በብብቴ ይዣት እመጣለሁ። አርጅታለች፤ መንከሱን ግን አልተወችም። ወይዘሮ ሎይስ ወዳለችበት ወንበር ዞሬ፣ «ጽሑፉ የእኔ ነው፣ የነከሰችኝም ይቺ ናት» እላለሁ። ድምፄ «እ…» ላይ ከቀረ ጌርትሩድ ትጨርስልኛለች፤ እሷ ዓይን አፋር አይደለችም።

ያለቀሱልኝን እንባ ከልቤ አመሰግናለሁ። መልሺልኝ ካሉም እመልሳለሁ፤ ወደ እኔ ዞረው ቢያለቅሱት ኖሮ ግን ለራሴ አስቀረው ነበር።

ከላይ ያለው ነገር ሁሉ ከሥር ያለውን እንዲያከብር እየተመኘሁ፣ ለእውቀትዎ ጎንበስ ብዬ እጅ እነሳለሁ፤

ብርሃን የጋረድኩብዎ፣
በ1890ዎቹ የሞትኩት፣
ዊላ ስታውፈር

ከደብዳቤው የተረፈ፦ በጓዳው በስተግራ፣ ከመስቀያው በታች፣ እስካሁን ያላነሱት የወረቀት ጥግ አለ። እባክዎ አያንሱት። ማክሰኞ ማታ የጻፍኩት ነው፤ ስለ እርስዎ ነው፤ ትንሽም ረዘም ይላል። ሙጫው አልያዘልኝም ነበርና፣ ነገ ወደ ስብሰባው ከመምጣቴ በፊት የፓንኬክ ዱቄት በጥብጬ በዘመኑ ወግ አጥብቄ እለጥፈዋለሁ።