ሁለት ሰዎች ስለ መሆናችን

ሀዋሳ፣ ታቦር
ጥቅምት 14 ቀን 2018 ዓ.ም.

ወንድሜ ብዙአየሁ፣

እንደምን አለህ ብዬ ልጀምር ነበር። መልሱን እንደማልሰማ ሳውቅ ግን እጄ ቆመ። ስልክህ ይጠራል፤ አይነሳም። ኢሜይሉንም ተውኩት። ይህን ወረቀት የሚያደርስልህ ሀብታሙ ነው። ነገ ጠዋት ወደ እናንተ፣ ወደ ጆሃንስበርግ ይመለሳል፤ ዛሬ ከመምሸቱ በፊት መጥቶ ይወስደዋል። ስለዚህ የምጽፈው እየቸኮልኩ ነው። የተዘበራረቀ ነገር ካየህ እለፈው።

እማዬ ደህና ናት። ጉልበቷ ዳገቱን እምቢ ስላለ ቤተ ክርስቲያን የምትሄደው በባጃጅ ነው። ባለባጃጆቹ ሁሉ ስላንተ ያውቃሉ። “ልጄ እዚያም ዩኒቨርሲቲ ነው የሚያስተምረው” ትላቸዋለች። አጠገቧ ተቀምጬ “አዎ” እላለሁ። ደብዳቤ ልጽፍልህ ነው ስላት፣ “ለተማሪዎቹም ሰላም በይልኝ” አለች። ይኸው አልኩ።

ወደ ጉዳዩ ልግባ።

ስለ ሐይቁ ደለል የጻፍኩትን ጥናት አንድ የውጭ ጆርናል ሊያወጣው ጥቂት ቀርቶት ነበር። የቀረኝ ማጣቀሻዎቹን በእነሱ ደንብ ማሰለፍ ብቻ ነበር። ደንቡን ታውቀዋለህ፤ የቤተሰብ ስም ይቀድማል፣ የራስ ስም ወደ አንድ ፊደል ይታጠፋል። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም። ስለዚህ አባቶቻችንን አስቀደምኩ። ጨርሼ ዝርዝሩን ሳየው ከአገራችን ሰው ጥናቱን የሠራ አንድም የለም፤ ያሉት አባቶች ናቸው። የእኛም አባት አለበት። ዕድሜውን ሙሉ ልብስ ሲሰፋ የኖረ ሰው፣ ስለ ፎስፎረስ ደጋግሞ ጽፏል።

ሽፈራው፣ ቢ.። ይህ አንተ ነህ።

ሽፈራው፣ ቢ.። ይህ እኔ ነኝ።

አላስተዋልኩም። እንደዚያው ላኩት።

የጆርናሉ አርታኢ በትሕትና መለሰችልኝ። “ከማጣቀሻዎቹ ሲሶው የራስዎ ሥራ ነው። ራስን ይህን ያህል መጥቀስ አንፈቅድም። ወይ ይቀንሱት፤ ወይ ደግሞ ሌላ ሰው ከሆነ፣ ሰውየው ራሱ ከሚሠራበት ተቋም አድራሻ ይጻፍልን።” እስከ ኅዳር መጨረሻ ጊዜ ሰጥታኛለች።

ከሚሠራበት ተቋም። እዚያ ላይ ስደርስ ኮምፒውተሩን ዘጋሁት።

ክብሩን ታስታውሰዋለህ። ያንተ ጠረጴዛ አሁን የእሱ ነው፤ ፊት ለፊት እንቀመጣለን። ፊቴን አይቶ ምን ሆነሽ አለኝ፤ ነገርኩት።

“ይሄ ነው እንዴ? ሰባት መስመር እኮ ነው፤ አጥፊና ላኪ።”

“ዘዴው የእሱ ነው ክብሩ። ደለሉን የመዘንኩት እሱ ባወጣው መንገድ ነው። ከየት አመጣሽው ቢሉኝስ?”

“ከራሴ በያቸው።”

“ምን?”

“አንቺ ሽፈራው አይደለሽም? አንቺስ ቢ. አይደለሽም? ጥቂቱን ቀንሺ፣ የቀረውን የኔ ነው በይ፤ አለቀ። ደግሞ ድረ ገጹ ላይ እኮ የሱን ሁሉ ባንቺ ላይ ደምረውልሻል። አላየሽም? ምነው እኔንም እንዲህ የሚደምርልኝ በተገኘ!”

ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ገብቼ አየሁ።

እውነቱን ነው። የተመራማሪዎችን ሥራ የሚሰበስበው ድረ ገጽ ጽሑፎችህን ሁሉ በእኔ ፎቶግራፍ ሥር ደርድሯቸዋል። የአንተ የጥቁር ውሃ ወንዝ ጥናት፣ ከሥሩ የእኔ፣ ከሥሩ ደግሞ የአንተ። ለተባባሪ ፕሮፌሰርነት ያስገባሁት ማመልከቻ ኮሚቴው ፊት ነው፤ ኮሚቴው የሚያየው ይህንኑ ገጽ ነው። ደነገጥኩ ብልህ ደስ ይለኝ ነበር። መጀመሪያ የተሰማኝ ግን ድንጋጤ አልነበረም። አንድ ሰው ስንሆን ጥሩ ሰው ይወጣናል።

ሻይ ቀርቦልኝ ቀዘቀዘ።

ከሐይቁ ደለል ያወጣንበት ያ ቀን ትዝ አለኝ። በዓሣ አስጋሪዎቹ ጀልባ ላይ ሆነህ ቧንቧውን ጭቃው ውስጥ ስትሰካ፣ እኔ ደግሞ እንዳትወድቅ ሸሚዝህን ከኋላ ጨምድጄ ይዤ። “ልቀቂኝ አንቺ! ብወድቅ ይሻልሻል፤ ጽሑፉን ብቻሽን ታወጪዋለሽ” አልከኝ። የጀልባው ባለቤት ሳይቀር ሳቀ። አልለቀቅኩህም። ሸሚዝህ ተቀደደ፤ አባዬ ሰፋልህ።

በዚህ ሳምንት ሰባቱን መስመሮች ለማጥፋት ሞክሬያለሁ። አጠፋሁ። ጽሑፉ ቆመ፤ ምንም አልጎደለውም። ያስፈራኝ ይህ ነው። አንባቢው የጎደለ ነገር መኖሩን አያውቅም፤ ዓረፍተ ነገሩ ይቀጥላል። መለስኳቸው። ደግሞ አጠፋሁ። ደግሞ መለስኳቸው።

ትናንት ሀብታሙን ስላንተ ጠየቅኩት። “ደህና ነው፤ ሥራ በዝቶበት ነው እንጂ። እሁድ እንኳ አይዘጋም” አለኝ። ከዚያ ጫማውን ማየት ጀመረ። ምኑን ነው የማይዘጋው ብዬ አልጠየቅኩትም። ለእማዬም አልነገርኳትም። ላንተም ይህን የምጽፈው የምጠይቅህ ነገር ኖሮኝ አይደለም።

ዛሬ ጠዋት ለአርታኢዋ ጻፍኩ። ወንድሜ ነው፣ ሌላ ሰው ነው፣ በአገራችን ሰው የሚጠራው በራሱ ስም ነው አልኳት። ከተቋም ሳይሆን ከግል አድራሻው ቢጽፍ ይበቃ እንደሆነ ጠየቅኳት። ቶሎ መለሰች፤ ይበቃል፣ የት እንደሚሠራ መናገር አይጠበቅበትም አለች። ቃል በቃል እንዲህ ነው ያለችው። ደግሜ አነበብኩት። አድራሻዋን ከዚህ ወረቀት ጀርባ ጽፌልሃለሁ። የሚያስፈልገው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፦ እነዚህን ሥራዎች የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ እሷ አይደለችም።

ባትጽፍስ? አስቤበታለሁ። ሳልቀንስ እልከዋለሁ። ያኔ ይመልሱታል። ያለዚህ ጽሑፍ ማዕረጉም ለሌላ ዓመት ይቀራል፣ ምናልባትም ጭራሽ ይቀራል። ክብሩ አብደሻል ይለኛል። ይበል።

ሌላም ነገር አድርጌያለሁ፤ ሳላማክርህ። ለድረ ገጹ ሰዎች ስሕተት መሆኑን ጽፌላቸው ሥራዎችህን ከእኔ ገጽ ላይ አነሱ። ገጼ አጠረ። ኮሚቴው የሚያየው እንግዲህ ያንን አጭሩን ነው። የአንተን ግን የት እንደሚያደርጓቸው አላወቁም። ለብቻቸው አስቀምጠዋቸዋል፤ ስምህ በሙሉ ተጽፏል፣ በፎቶው ቦታ ግራጫ ክብ አለ። ከሥሩ “ይህ የእርስዎ ሥራ ከሆነ ይረከቡ” ይላል። ተጫንኩት፤ ስምና ኢሜይል ብቻ ነው የሚጠይቀው። ከዚያ ወጣሁ፤ እኔ የምሞላው አይደለም።

ባጃጅ በሩ ላይ ቆመ፤ ሀብታሙ ነው መሰለኝ።

እግዚአብሔር መውጣትህንና መግባትህን ይጠብቅ። የምትሠራበትን ቦታ ሁሉ ይባርክልህ። ግባና ተረከብ፣ ወንድሜ።

እህትህ
ብዙነሽ