ጨውና ስኳር አንድ ላይ የሚገቡበት በር

ይድረስ ለውድ ወንድም ጋሼ፣

ለጤናህ እንደምን ሰነበትክ? ባለቤትህስ ጉልበቷን ተሻላት? ልጆቹስ በረቱ ወይ፣ ትልቁን ያ ሳል ለቀቀው? ሥራውስ እንዴት ይዞሃል? እኛ ለጤናችን ደህና ነን፤ ደህና ማለት ቆመን እንሄዳለን ማለት ነው። እማዬ ትንሽ ትንሽ ትቀምሳለች፣ ትንሿ እህታችን ሚጣ ትምህርቷን አላቋረጠችም፣ እኔም ጠመኔዬን ይዤ ክፍል እገባለሁ። የቀረውን አንተም ታውቀዋለህ፤ አባዬ የለም።

የምጽፍልህ በስልክ ልነግርህ ያልቻልኩትን ነው። በቀብሩ ማግስት ደውለህ እማዬ የነገረችህን ሰማህና፣ ጨው ክልክል እንደሆነ እያወቅሽ እንዴት ሳትጠይቂኝ ትሰጪዋለሽ አልከኝ። መልሴን ሳትሰማ ስልኩን ዘጋኸው። ደግ አደረግክ፤ ያኔ አፌን ብከፍት ኖሮ ለታላቅነትህም አልመለስም ነበር። አሁንም ቢሆን አንጀቴ እንዳረረ ነውና ቃሌ ቢጎረብጥህ ቻለው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በዚያ ሳምንት ቧንቧው ድፍርስ ውሃ ሲያወርድ ሰንብቶ ሰፈሩ በሙሉ በተቅማጥ ታመመ። አባዬን ማክሰኞ ጀመረው፤ ረቡዕ ጠዋት ዓይኑ ጎድጉዶ፣ ምላሱ ደርቆ አገኘሁት። ሦስት ፋርማሲ ዞርኩ፣ በውሃ የሚበጠበጠው የተቅማጥ ዱቄት በሦስቱም አልቋል። ቤት ተመልሼ አንድ ሊትር ውሃ አፍልቼ አቀዘቀዝኩ፤ ስድስት የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ለክቼ በጠበጥኩ። የመጀመሪያዋን ብርጭቆ በእጄ አጠጣሁት። የቀረውን በጆግ ትቼ፣ በየጊዜው ስጪው ብዬ ለእማዬ አደራ ሰጥቼ፣ ተማሪዎቼን የምፈትንበት ቀን ስለነበር ወደ ትምህርት ቤት ሮጥኩ።

እማዬ ቀመሰችው፤ ጨው ጨው አላት። ከሦስት ዓመት በፊት ሐኪሙ ለደም ግፊቱ ጨው ይቀንስ ብሎ እንደነበር ታስታውሳለህ። አንተ ደግሞ በስልክ፣ ቅንጣት ጨው በአፉ እንዳይዞር አልክ። ከዚያ ወዲህ በዚህ ቤት የሐኪሙን ቃል ያነሳ የለም፤ ያንተ ግን መሬት ጠብ አይልም። አንተ መድኃኒት መጋዘን ውስጥ ካርቶን እንደምትደረድር እኔና አንተ እናውቃለን። እማዬ ግን መድኃኒት የሚባለውን ቃል ከሰማች በኋላ ሌላውን አልሰማችም። እናም የበጠበጥኩትን ድፍት አድርጋ፣ ጆጉን አለቅልቃ፣ ስኳር ብቻ በጥብጣ ሞላችው።

አባዬ አምኖ ጠጣ። ስመለስ ጆጉ ጎድሎ አይቼ ደስ አለኝ። ሌላ ልበጥብጥ ስል፣ አንቺ ደክመሻል፣ አሠራሩን አይቻለሁ ብላ ቀደመችኝ። ጣቴን ነከር አድርጌ አንዴ እንኳ አልቀመስኩም። ይህ የእኔ ጥፋት ነው፤ አልክድም።

እንግዲህ መምህርት ነኝና ትንሽ ታገሰኝ፤ ይህ ካልገባህ ሌላውም አይገባህም። የሰውነታችን ሕዋስ ሁሉ ዙሪያውን በስስ ሽፋን ተከቧል። አሥር ሺሁን ብትደራርበው ውፍረቱ አንድ ወረቀት ቢያህል ነው። የተሠራው ከሁለት ረድፍ የቅባት ቅንጣቶች ነው፤ ራሳቸው ውሃ ይወዳል፣ ጭራቸው ውሃ ይሸሻል። ስለዚህ ጭራ ለጭራ ገጥመው፣ አንዱ ረድፍ ራሱን ወደ ውጭ፣ ሌላው ወደ ውስጥ ያዞራል። የምንተነፍሰው አየር በዚያ ቅባት መሃል እንዲሁ ሾልኮ ያልፋል። ስኳርና ጨው ግን አይችሉም፤ ሽፋኑ ላይ የተሰኩ ፕሮቲኖች ናቸው በር የሚሆኗቸው። አንዳንዱ በር ከበዛበት ወደ አነሰበት ያለ ድካም ያሳልፋል። አንዳንዱ ደግሞ ጉልበት እያወጣ ጨውን ከሕዋሱ ሲያስወጣ ይውላል፤ በዚህም ውስጡ ጨው ስለሚያንሰው፣ ደጅ ያለው ጨው ለመግባት ይጋፋል።

አንጀታችን ላይ ካሉት በሮች አንዱ ጨውና ስኳር አንድ ላይ ካልመጡለት አያስገባም። ሁለቱ ከገቡ ውሃ ይከተላቸዋል። ተቅማጥ ሌላውን ሁሉ ሲያዛባ ይህ በር ሥራውን አይተውም፤ ስንቱ ሕፃን የተረፈው በእሱ ነው። ስኳር ለብቻው በብዛት ሲመጣ ግን አብዛኛው ደጅ ይቀራል። ደጅ መቅረቱ ብቻ ቢሆን ምን ነበረበት፣ ከሰውነት ውሃ ወደ አንጀት ይስባል። አባዬ በጠጣ ቁጥር ይባስ እየደረቀ ነበር።

ሐሙስ ዕለት ለአሥራ አንደኛ ክፍል ያንኑ በር ነበር የማስተምረው። አንዱ ቀልደኛ፣ ቲቸር፣ እንደ ባልና ሚስት ክንድ ለክንድ ተያይዘው ነው የሚገቡት? ብሎ ክፍሉን በሳቅ አፈረሰው። እኔም ሳቅኩ። ቤት ስደርስ አባዬ ስሜን መጥራት አቅቶት ነበር። ተሸክመን ሆስፒታል ወሰድነው፤ ነርሷ ደም ሥሩን ፈልጋ ፈልጋ ያገኘችው በስንት ጊዜው ነው። ሐኪሙ ኩላሊቱ ሥራ አቁሟል አለን። ዓርብ ረፋድ ላይ አረፈ።

ከቀብር ስንመለስ እማዬ በሰው ፊት ተነሥታ፣ ጨውሽን ደፍቼብሽ ነበር፣ ያችን የመጀመሪያዋን ብርጭቆ ግን አልደረስኩባትም፤ እሷ ናት የገደለችው አለችኝ። የሆነውን ሁሉ ያወቅሁት ያኔ ነው። ከዚያ ወዲህ አታናግረኝም። ምሳዬን ከፊቴ ታስቀምጣለች እንጂ ቀና ብላ አታየኝም።

ባስረዳት ትረዳለች፤ እናታችን ሞኝ አይደለችም። አንድ ጠመኔና የጓዳው በር ይበቁኛል። ግን ምን እንደምትረዳ አስበው። አርባ ዓመት አብራው የኖረችውን ሰው፣ ላድነው ብላ በገዛ እጇ ምን እንዳደረገችው ነው የምትረዳው። ከዚያ በኋላ አንድ ቀን የምታድር አይመስለኝም። ስለዚህ ለእሷ ሆድ ይፍጀው ብያለሁ። ለአንተ ግን አልቻልኩም። ቀንሱ የተባለውን ጭራሽ ክልክል ያደረግከው አንተ ነህ፤ ጥፋቱን የተሸከምኩት እኔ። ቢያንስ አንተ እወቀው።

ለባለቤትህ የእህትነት ሰላምታዬን አቅርብልኝ። ትልቁን ግንባሩን፣ ትንሿን ሁለቱንም ጉንጮቿን ሳምልኝ። ሚጣ ሰላም ብላሃለች፤ የላክህላት ጫማ ቢጠባትም አላወልቅም ብላ እያነከሰች ትምህርት ቤት ትሄዳለች።

እማዬም ሰላምታዋን በሚጣ በኩል ልካለች። እሁድ ስትደውልልን፣ አባታችሁን የገደለችው ያች ብርጭቆ ናት ወይ ብላ ቁርጡን ልትጠይቅህ ነው። አዎ በላት።

እህትህ
ከአባዬ ቤት፣ ጥቅምት ፲፱ ቀን