የአባየ ምርቃት

ጥር ፲፭ ቀን ፳፻፪ ዓ.ም.፣ ፍኖተ ሰላም

ዛሬ ለአባቴ ጎረቤት ልጅ ሠርግ ሽንዲ ሄጄ ነበር። አባየ ሙሽሮቹን ሲመርቁ «ውለዱ፣ ክበዱ» አሉ፤ ዳሱ በሙሉ «አሜን» አለ። እኔ አንገቴን ደፋሁ። አርባ ሁለት ዓመቴ ነው። ልጅ አልፈልግም ብዬ አላውቅም፤ ከባለቤቴ ጋር መጀመሪያ ትምህርቱ ይለቅ፣ ቤቱ ይሠራ ስንባባል ጊዜው አለፈን። በየከተማው ያሉት ወንድሞቼም እንደዚሁ ናቸው።

ስሰናበት የአባየን ጉልበት ስሜ ያንኑ ምርቃት ጠበቅሁ። እጃቸውን ራሴ ላይ ጫኑ። ከዚያ «አንችን የሰጠኝ ይመስገን» አሉኝ።

«አባየ፣ አላዘኑብኝም?»

«አዝኛለሁ ልጄ፤ ላንች እንጂ ባንች አይደለም።»

በመኪና ስመለስ መንገዱን ሁሉ እጃቸው ራሴ ላይ ያለ ይመስለኝ ነበር። ቤቴ ገብቼም ሻሼን መፍታት ፈራሁ።