ስለ አራቱ አልጋዎች ፎቶግራፍ፣ ለክቡር የሆስፒታሉ ሥራ አስኪያጅ

ክቡር ሆይ፣

ይህ ደብዳቤ እርስዎን ከነሙሉ ጤንነትዎ፣ ከነቤተሰብዎ፣ እንዲሁም ከዚያ እንደ ልብ ከሚዞረው የቆዳ ወንበርዎ ጋር በደኅና እንዲያገኝዎ እመኛለሁ። እኔ ከአውቶቡስ ማቆሚያው ፊት ለፊት ያለው ፎቶ ቤት ባለቤት ነኝ። ስለ እኔ ጤንነት የሚነገር ብዙ የለም፤ እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ ሱቄን በሰዓቱ እከፍታለሁ።

የሕዝብ ግንኙነት ክፍልዎ ባለፈው ሰኞ የላከልኝ፣ ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ ደርሶኛል። ሆስፒታሉ የተመሠረተበትን ሃያኛ ዓመት ምክንያት በማድረግ መጽሔት ሊያሳትም ስለሆነ፣ “ባለፈው ዓመት ባሳዩት ድንቅ ችሎታ” ተመርጬ ፎቶዎቹን እንዳነሳ መጋበዜን አንብቤ፣ ለተደረገልኝ ክብር እጅ ነሥቻለሁ። መልሴን በፖስታ አሽጌ ልልክልዎ ነበር፤ ነገር ግን ፎቶው የተሰቀለው በአደባባይ ስለሆነ፣ ስለ እሱ የምጽፈውም በአደባባይ ቢነበብ ደንቡ መሰለኝ። ቢሮዎ በተራ ቁጥር ያልተቀመጠ ማመልከቻ እንደማይቀበል ስለማውቅም ምስጋናዬን በቁጥር አቀርባለሁ።

፩. በመጀመሪያ ያን ሥራ ስለ ሰጡኝ አመሰግናለሁ። ለሃያ ሦስት ዓመት የኖርኩት በጉርድ ፎቶ፣ በተመራቂና በሙሽራ፣ አልፎ አልፎም በሳሙናና በጫማ ማስታወቂያ ነው። ሰው ወንበሩ ላይ ይቀመጣል፣ አገጩን በጣቴ ቀና አደርግለታለሁ፣ “እዚህ ጋ ይዩ” እለዋለሁ፣ በቃ። እርስዎ ግን ባለፈው ዓመት አስጠርተው አዲሱን የኩላሊት እጥበት ክፍል አሳዩኝ፤ አራት አልጋ፣ አራት ማሽን፣ ቀለሙ ገና ያልደረቀ ግድግዳ። “ሰው የሚያየው ሆስፒታሉን ሳይሆን ፎቶውን ነው፤ እንደ ምንም ብለህ አሳምርልኝ” አሉኝ። አሳመርኩልዎ።

፪. ስለ ሰዎቹ አመራረጥዎ አመሰግናለሁ። በዚያን ቀን ክፍሉ ውስጥ ታካሚም ነርስም አልነበረም። ነርሶቹ ሥራ ስለ በዛባቸው ጸሐፊዎ ነጭ ጋዋን ለበሱ፤ የበሩ ጥበቃ ደግሞ ኮፍያቸውን አውልቀው አልጋ ላይ ወጡ። ድንገት ብፈለግ ብለው ጫማቸውን አላወለቁም፤ ብርድ ልብሱን እስከ እግራቸው ጫፍ ሳብኩላቸው። “ባለ ካሜራ፣ የታመመ ሰው እንዴት ነው የሚስቀው?” ሲሉ ጠየቁኝ። “እንደሚድን የተነገረው ሰው እንደሚስቀው ነዋ” አልኳቸው። ሳቁ። በሥራ ዘመኔ ካነሳኋቸው ምርጥ ሳቆች አንዱ ነው።

፫. ስለ ሽቦው። የፊተኛው ማሽን መሰኪያ ሶኬት ውስጥ አልገባም ነበር፤ ሽቦው ከአልጋው እግር አጠገብ ተንጠልጥሏል፣ የውሃ ቱቦውም ጫፉ በላስቲክ እንደ ታሰረ ነው። ጠየቅኩዎ። የውሃ ማጣሪያው በሚቀጥለው ወር እንደሚገባ አስረድተውኝ፣ “እስከዚያው ሽቦው ያስጠላል፣ አጥፋው” አሉኝ። ሱቄ ተመልሼ ኮምፒውተሩ ላይ ተቀመጥኩና ሽቦውንም ቱቦውንም አጠፋኋቸው። ሁለት ደቂቃ አልፈጀም። የሽቦው ጥላ ወለሉ ላይ ቀርቶ ስለ ነበር እሱንም መልሼ አጠፋሁት፤ በሥራዬ ጠንቃቃ ነኝ። ያዘዙት እርስዎ ቢሆኑም እጁ የእኔ ነው፤ ይህን በማንም ላይ አላላክክም።

ከዚህ በኋላ ያለው በቁጥር አልደረደር ስላለኝ ይቅርታዎን እየጠየቅሁ እንዲሁ እጽፈዋለሁ።

አንዲት ታላቅ እህት ነበረችኝ፤ እትዬ ነው የምላት። ሠላሳ ዓመት አንደኛ ክፍል አስተምራለች፤ የዚህ ከተማ ግማሹ ሰው ፊደል የቆጠረው በእሷ እጅ ነው። የታተመ ነገር ውሸት ሊሆን ይችላል ብላ አታስብም ነበር። ፎቶው አደባባዩ ላይ፣ የቤት ቁመት ባለው ሰሌዳ ከተሰቀለ በኋላ፣ አውቶቡሱ በዚያ ባለፈ ቁጥር አጠገቧ የተቀመጠውን ሰው፣ አወቀችውም አላወቀችውም፣ “ይኼን ያነሳው ወንድሜ ነው” ትለው ነበር።

ዓመት በሞላው ጊዜ እግሯ ማበጥ ጀመረ። ሠፈራችን ያለው ክሊኒክ ሐኪም ኩላሊቶቿ መድከማቸውንና እጥበቱ በዚያው ሳምንት መጀመር እንዳለበት ነገረን፤ የአምስት ሰዓት መንገድ ርቆ ባለው ከተማ እንደሚሠራም ጠቆመን። እሷ ግን፣ “አንተ ያነሳኸው እዚሁ እያለ ምን አንከራተተኝ?” አለች። እኔም ዓመት አልፎታል፣ ይኼኔ ተሰክቷል ብዬ ራሴን አሳመንኩ። ስለ ሽቦው አልነገርኳትም። አፍሬ መሰለኝ፤ እርግጠኛ አይደለሁም።

ይዣት መጣሁ። እዚህ ላይ ስለ ሠራተኞችዎ ትሕትና ሳላመሰግን ባልፍ ነውር ነው። የመጀመሪያው ቀን፣ ባለሙያው ሥልጠና ላይ ስለሆነ ሰኞ እንድንመለስ በፈገግታ ነገሩን። ሰኞ ማጣሪያው ጉምሩክ ላይ ስለሆነ ሐሙስ አሉን፤ ሐሙስ ደግሞ ሊመጣ መንገድ ላይ ነውና ታገሡ አሉን። በአሥራ አንድ ቀን ውስጥ አንድም ክፉ ቃል አልሰማንም። “አይሠራም” የሚለውንም እንዲሁ።

የምንጠብቅበት አግዳሚ ወንበር ኮሪደሩ ላይ፣ ያው ፎቶ በመስታወት ከተሰቀለበት ግድግዳ ትይዩ ነው። እትዬ ፎቶውን ስታይ ቆይታ፣ “ይኼ ሰውዬ ደስ የሚል ፊት አለው፤ ድኖ ይሆን?” አለችኝ።

በአሥራ አንደኛው ቀን ጠዋት ሰውዬው ራሳቸው መጡ። ጥበቃው ማለቴ ነው። ባለፈው ወር ጡረታ ስለ ወጡ የነገሩንን ብጽፍልዎ የሚጎዳቸው ነገር የለም። ኮፍያቸውን በእጃቸው ይዘው እፊቷ ቆሙና፣ “መምህርት፣ ፎቶው ላይ ያለሁት እኮ እኔ ነኝ። አንድም ቀን ኩላሊቴን ታምሜ አላውቅም። እነዚህ ማሽኖች ከመጡ ጀምሮ አልሠሩም። በሞቴ፣ ዛሬውኑ ይዘዋት ይሂዱ” አሉ፤ የመጨረሻውን ለእኔ ነው። ሆስፒታልዎ ውስጥ ምርመራውን አስተካክለው የነገሩን እሳቸው ብቻ ናቸው።

እትዬ ወደ እኔ ዞረች። “ታውቅ ነበር?” አለችኝ።

“ሽቦው አለመሰካቱን አይቼ ነበር” አልኳት።

አንደኛ ክፍል ልጅ ጥፋቱን ሲያምን እንደምታየው አየችኝ። ከዚያ፣ “በል ጫማዬን አቀብለኝ” አለች።

የአምስት ሰዓቱን መንገድ ተጉዘን በዚያው ቀን ደረስን። እጥበቱን በዚያው ቀን ጀመሩላት፤ እዚያ ማሽኑ ሲሠራ እንደሚጮህ ያን ጊዜ ነው ያወቅሁት፣ እርስዎ ክፍል ውስጥ ፀጥታው ለሥራዬ ተመችቶኝ ነበር። በሦስተኛው ቀን አረፈች። ሐኪሟ፣ ጎልማሳ ሴት ናት፣ ሳትቆጣ፣ “አንድ ሳምንት ቀደም ብላችሁ ብትመጡ…” ብላ ተወችው። እኔም እንድትጨርሰው አልጠየቅኳትም።

ለቀብሩ ፎቶዋ ሲፈለግ ለካ እህቴን አንድም ቀን ሥርዓት ባለው መንገድ አንስቻት አላውቅም። ያሉኝ መብራት ስሞክርባት የቀሩ ናቸው፤ “እትዬ፣ እስቲ አንዴ ተቀመጪልኝ፣ ብርሃኑን ልየው” እላት ነበር። ሠላሳ ሰባት ሆኑ። በሁሉም እያወራች ነው፣ አፏ ያልተከፈተበት የለም፤ አንዱን መርጬ አጠብኩት። ከቀብሩ በኋላ በአራተኛው ቀን ሱቄን ከፈትኩ። አሥራ አንድ ሰው ጉርድ ፎቶ ተነሳ፤ የሁሉንም አገጭ ቀና አደረግሁ፣ “እዚህ ጋ ይዩ” አልኩ። አላለቀስኩም፣ እስከ ዛሬም አላለቀስኩም። ጎረቤቴ ልብስ ሰፊው ጠንካራ ነህ ይለኛል። ጥንካሬ አይመስለኝም፤ ፊት ሲደነዝዝ እንደሚሰማው ያለ ነገር ነው፣ ብትነካው ያንተ አይመስልህም።

ስለ ግብዣዎ፦ አልመጣም። ነገር ግን ፎቶ ሳልሰጥዎ አልቀረሁም። ሳልነካካው በፊት የነበረውን፣ ሽቦውና የታሰረው ቱቦ ያሉበትን፣ መስኮቴን በሙሉ በሚሸፍን ልክ አሳትሜ ወደ መንገዱ አዙሬ ሰቅዬዋለሁ። ከሥሩም ክፍሉ ሥራ አለመጀመሩንና እጥበቱ የት እንደሚሠራ በትልቁ ጽፌአለሁ። ትናንት አንድ ሽማግሌ ልጃቸውን ደግፈው ገቡና፣ “ልጄ፣ ይኼ ነገር እውነት ነው?” አሉኝ። “እውነት ነው አባቴ፤ ያነሳሁትም ያጠፋሁትም እኔ ነኝ” አልኳቸው። ትንሽ አዩኝ። ወጥተው የሚቀጥለውን አውቶቡስ ያዙ። በዚህ ሳምንት አራተኛው ቤተሰብ ናቸው። ከፍሎ የሚገባ ደንበኛ ግን መስኮቱን እያየ ይመለሳል፤ ሙሽሮች በተለይ። ይሁን።

የሕግ ክፍልዎ ፎቶውን እንዳወርድ ሊጽፍልኝ ካሰበ፣ አድራሻዬ አልተለወጠም፤ በሥራ ሰዓት ሁልጊዜ አለሁ።

ከዘመን ወደ ዘመን በጤና ያሸጋግርዎ፣ ለሃያኛው ዓመትም እንኳን አደረስዎ እያልኩ፣ ለሠራተኞችዎ ትሕትና፣ ለኮሪደርዎ ጽዳትና ለአግዳሚ ወንበርዎ ምቾት ያለኝን የማይነጥፍ አክብሮት እገልጻለሁ።

የቀድሞ ፎቶ አንሺዎ፣
የመምህርቷ ወንድም

ይድረስ ለካርድ ክፍል፦ ይህን ጽፌ ከጨረስኩ በኋላ፣ ዛሬ ረፋዱ ላይ፣ ድምጿ እጅግ ጨዋ የሆነ ልጅ ከክፍላችሁ ደውላልኝ ነበር። የእህቴ ተራ መድረሱንና ማክሰኞ ጠዋት በሁለት ሰዓት ይዣት እንድመጣ፣ ባታረፍድም መልካም እንደሆነ ነገረችኝ። ልጅቱን ማስደንገጥ ስላልፈለግሁ፣ “እሺ እህቴ፣ አመሰግናለሁ” ብዬ ዘጋሁት። ስለዚህ ማክሰኞ ጠዋት አንድ አልጋ ክፍት ነው።