ግድግዳችን ላይ ስለተሣሉት ቀለበቶች

ለተከበሩ የድኅረ ምረቃ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣
ባሉበት፤

እንደምን ሰንብተዋል? ወንበርዎ፣ መብራትዎ፣ ስልክዎ ሁሉ ደኅና ናቸው? እኛ በመርሳ፣ ጦርነቱ መንገዱን በወልድያም በውርጌሳም በኩል ዘግቶብን፣ ባለንበት አለን። ከሁሉ አስቀድሜ ግን አንድ ታላቅ ዜና ላበስርዎ እወዳለሁ፦ ቀይዋ ዶሮአችን ትናንት ረፋድ ላይ በልጅ ልጄ በሩት ኮምፒውተር ላይ ተቀምጣ እንቁላል ጥላለች። መብራት ከጠፋ ወዲህ ከዚያ ዕቃ የተገኘ የምርምር ውጤት እሱ ብቻ ነው።

አቤቱታዬ እንደሚከተለው ነው፤

1ኛ/ በጎረቤቴ በጀብሪል ሬዲዮ እንደሰማነው፣ እስከ ወሩ መጨረሻ በአካል ቀርቦ ያልተመዘገበ ተማሪ ትምህርቱን በፈቃዱ እንደተወ ይቆጠራል ብለዋል። ጀብሪል «በፈቃዱ» የምትለዋን ሲሰማ፣ «ወላሂ አያ ሀብቴ፣ እኛ እኮ ፈቃደኞች ነን!» ብሎ ሬዲዮኑን ዘጋው። ባትሪ ለመቆጠብ ነው እንጂ ተቀይሞብዎ አይደለም። ሩት ግን ከዚያ ወዲህ ቃል አልተነፈሰችም።

2ኛ/ ረስተውት እንደሆነ፣ የሩት ጥናት ጥቂት ሞለኪውሎች ተቃቅፈው የሚሠሩት ዘለላ ምን ቅርጽ እንዳለው ማወቅ ነው። በዓይን ስለማይታይ ኤሌክትሮን ይወረወርበታል፤ ኤሌክትሮኑ ተበትኖ ሰሌዳ ላይ ቀለበት በቀለበት ይሆናል፤ ከቀለበቶቹ ስፋት ማን ከማን ምን ያህል ርቆ እንደቆመ ይሰላል። እንዲህ ነው ያለችኝ። እርስዎ ታዲያ ደውለውልን ከሆነ፣ ስልኩ ተቋርጦ አንድም ጥሪ ሳይመለስልዎ ሲቀር፣ ምን ላይ እንደቆምን ከዚያ መገመት እንዴት አቃተዎት?

3ኛ/ ከማስታወቂያዎ ቀደም ብሎ፣ ኮምፒውተሩ ሲሞት፣ ሩት ቀለበቶቹን እያስታወሰች በከሰል ግድግዳ ላይ ሣለቻቸው። መሣሪያ የያዙ ፈታሾች ገቡና «ይህ ምንድን ነው? የመድፍ ኢላማ ነው?» አሉ። ልጅቷ ስለ ኤሌክትሮን ልታስረዳ አፏን ስትከፍት እግሯን ረገጥሁና፣ የመሶብ ክዳን ንድፍ ነው፣ አለላ ስናገኝ ልትሰፋው ነው አልኋቸው። አንደኛው ጠጋ ብሎ አየና እናቱም እንዲሁ እንደምትሰፋ ነግሮን ወጡ። ምስጋና ይድረሳቸው፤ ከመፍረዳቸው በፊት ጠይቀዋል። እርስዎ አልጠየቁም።

ስለሆነም መንገድ እስኪከፈት ድረስ ቦታዋ እንዲጠበቅላት በታላቅ ትሕትና እለምናለሁ። የግድ በወሩ መጨረሻ የሚሉ ከሆነ፣ ግድግዳውን የሚጭን መኪና ይላኩልን፤ መኪናው የሚያልፍበትን መንገድ ካገኙም ለእኛ ይጠቁሙን።

ወንበርዎ እንዳይጎረብጥዎ፣ መብራትዎም እንዳይጠፋብዎ ዘወትር የምጸልይልዎ፣
በፈቃዴ ከቤቴ የማልወጣው፣
ሀብቴ ይታገሱ፣ የሩት አያት

ማሳሰቢያ፦ ደብዳቤውን ያላሸግሁት ኬላ ላይ መቀደዱ ስለማይቀር ነው። ደግሞም የዶሮዋ እንቁላል ፈጠራ ነው፤ እሷንማ ገበያው ከተዘጋ ወዲህ በልተናታል። ፈታሾቹን በመሶብ፣ እርስዎን በዶሮ ዋሽቻለሁ። የልጅቷን ዝምታ ግን እኔ አልፈጠርሁትም።